ጳጉሜን የማያውቅ ወር

እሪ በከንቱ ነው ቤቴ፣ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ፣
ሦስት ቴሌቪዥን፣ አምስት አግዳሚ፣ ጣሪያው ዝናብ አዝሎ።
«ጌም አለ» የሚለውን በሩ ላይ በቀይ ቀለም ጻፍኩት፣
ዋጋውን ግን በጠመኔ ነው፤
ድሮ በቀለም ነበር፤ ስሰርዝ፣ ስደልዝ፣ ሰልችቶኝ ተውኩት።

በሁለት ብር ጀመርኩ፣ ሱራፌል ተቀምጦ እግሩ መሬት ሳይደርስ፤
አምስት ሆነ ድምፁ ሲጎረንን፤ አሥር ሆነ ጢሙን ሲዳብስ።
ዛሬ ሃያ ነው፤ የእህቱን ልጅ በእጁ ይዞ መጣና
ጠመኔውን አየ፣ እኔን አየ፣ ኪሱን ፈተሸ እንደገና።
«ጋሼ፣ ደግሞ ጨመራችሁ?» ይለኛል፤ በብዙ ቁጥር ይጠራኛል፣
ከመብራቱ፣ ከዶላሩ፣ ከዳቦ ቤቱ ጋር ደርቦ ያየኛል።
ምን ልበለው?

ድሮ ዲስክ ነበር፤ ከመርካቶ ጠቅልዬ በጋዜጣ፣
የኔ ነበር። ቢቧጨር የኔ፤ ቢቆራረጥ፣ ድምፁ ቢታጣ፣
በጥርስ ሳሙና አሸት አድርጌ፣ በካናቴራዬ ጫፍ ወልውዬ
አስነሣው ነበር፤ ለጎረቤት አውሰው ነበር፣ «እስከ ማታ» ብዬ።
አሁን ጨዋታው እጅ የለው፣ ጠርዝ የለው፣ አይዋስም፤
ከሰማይ ይወርዳል፤ የሰማይ ቤት ኪራዩ ግን አይቀመስም።

የምከፍለው ዱባይ ባለችው በዋርሳዬ በዘሃራ ካርድ ነው።
ብሩን እዚህ ለእናቷ እሰጣለሁ፣ ድርሃሙን ከሷ ይቆርጣል፤
«ያ ነገርህ ዛሬም ጨመረ» ትለኛለች፣ «ሰው በኳስ ይታመማል?»
እሱ ብቻ ቢሆን! የኢንተርኔቱ አለ፤ የዲሹ አለ፣ ሊጉን የሚያሳየው፤
እሱም ለሁለት ተከፈለ፣ ዋንጫውን ሌላ ጣቢያ ወሰደው።
ለሚስቴ ተከታታይ ፊልም፣ ባለማስታወቂያው ሌላ፣ ያለማስታወቂያው ሌላ፤
በየሠላሳው ቀን አምስት አፍ ቀርቦ ከኪሴ በላ።
ስልኬ ይንጫጫል፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ሦስት ቀን ቀርቶዎታል።»
ከዚህ ሁሉ ቃል አንዷን አመንኳት፤
«ውድ» ያለው ልኩን ብሏል።

እትዬ ወርቅያንሱ፣ የቤቱ ባለቤት፣ እጃቸው የማይፈታ፣
ለአንድ ቆርቆሮ ሁለት ክረምት ያስለመኑኝ በተርታ፣
እሳቸው እንኳ ጳጉሜን አይቆጥሩም። «አምስት ቀን ምን አላት፣ ልጄ፣
የእግዜር ናት» ብለው ይተዋሉ፤
እኔም በዓመት አንዴ ጉልበታቸውን ስሜ እመለሳለሁ ወደ ደጄ።
እሱ ግን፣ ያ ከሰማይ ያለው፣ ከሠላሳ ሌላ አያውቅም፤
ጳጉሜ አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጥርቅም!

ስክሪኑ ላይ የቁልፍ ሥዕል። ልጆቹ ጆይስቲክ እንደያዙ
ዓይናቸውን እኔ ላይ ጥለው፣ የጣሪያውን ዝናብ እየሰሙ ፈዘዙ።
ቁምሳጥኑ ላይ ተንጠራራሁ፤ አሮጌውን ማሽን አወረድኩ፣
እፍ አልኩት፤ በረሮ ወጣ፤ ዲስኩን በጥርስ ሳሙና ወለወልኩ።
ተጫዋቾቹ ዛሬ ጡረታ የወጡ፣ አሠልጣኝ የሆኑ፣ ሆዳቸው የገፋ፤
እዚያ ውስጥ ገና ሃያ ዓመታቸው ነው፤ የአንዱም ትንፋሽ አልጠፋ።
«ስንት ነው?» አለ ሱራፌል።
የበሩን ጠመኔ በመዳፌ ጠረግሁ።
«ጳጉሜ ነው» አልኩት።

ሰማንያ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ፣ ድሮም እዚያ እንደሚያደርገው፣ ቀጥ አለ፤
ኳሷ አየር ላይ፣ በረኛው በጎኑ እንደተንጋለለ።
የእህቱ ልጅ ደንግጦ፣ «ጋሼ፣ ይከፈል?» አለ።
«አይከፈልም» አለው ሱራፌል፣ «ይኼ እዚህ ጋ ሁሌ ይቆማል፤
የቀረውን እኛ ነን የምንጨርሰው።»
አግዳሚው ላይ ወጣ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ በአፉ ማስተላለፍ ጀመረ፤
ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤
ውድ ደንበኛው ጨዋታ ላይ ነበረ።